ስድስት ወንዝ ለሁለት ባላንጣ፦ የኢንደስ ስምምነት እንዴት ያን ያህል ቆየ፣ አሁንስ ምን ገጠመው?

ኤፕሪል 22 ቀን 2025 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በህንድ ሥር ባለው የካሽሚር ክፍል፣ ፓሃልጋም በምትባል የሽርሽር ከተማ አጠገብ ታጣቂዎች ጎብኚዎች ላይ ተኩስ ከፍተው 26 ሰው ገደሉ። ህንድ ጣቷን ወደ ፓኪስታን ቀሰረች፤ ፓኪስታን እጄ የለበትም አለች። እስከዚህ ያለው ለአካባቢው አዲስ አይደለም። አዲሱ በማግስቱ መጣ። ኒው ዴልሂ ድንበር ከመዝጋትና ዲፕሎማት ከማባረር ጋር አንድ ውሳኔ ጨመረች፦ በ1960 የተፈረመው የኢንደስ የውኃ ስምምነት፣ ፓኪስታን ለሽብር የምትሰጠውን ድጋፍ በማያጠራጥርና በማይቀለበስ መንገድ እስክታቆም ድረስ ታግዷል። ኢስላማባድ በበኩሏ አንድ ቀን አሳድራ መለሰች፦ ለእኔ የሚገባውን ውኃ ማቆም ወይም ማዞር ጦርነት እንደማወጅ ይቆጠራል። ሁለቱም ኑክሌር የታጠቁ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ዜናውን «ህንድ የፓኪስታንን ውኃ ዘጋች» ብሎ የሰማ ሰው፣ አንድ ትልቅ መዝጊያ ተጠምዝዞ ወንዝ ሲደርቅ ይታየው ይሆናል። እንዲህ ያለ መዝጊያ የለም። ህንድ ዛሬ ብትፈልግ እንኳ ኢንደስንም ሆነ ጄለምን ልታቆማቸው አትችልም፤ ውኃውን የምታቁርበት ስፍራ የላትም። ታዲያ ፓኪስታን ጦርነት እስከማለት ምን አደረሳት? መልሱ ውኃው ስንት ነው ከሚለው ይልቅ ውኃው መቼ ይደርሳል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ከ1947 መነሳት ግድ ነው።

መስመሩ ቦዩን ሲቆርጠው

ፑንጃብ የሚለው ስም በፋርስኛ «አምስት ውኃ» ማለት ነው። አምስቱ ጄለም፣ ቼናብ፣ ራቪ፣ ቢያስና ሰትለጅ ናቸው፤ ሁሉም መጨረሻቸው ስድስተኛው፣ ኢንደስ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው በወንዞቹ መካከል ያለውን ደረቅ ሜዳ በቦይ አስተሳስረው በዓለም ላይ ከታዩት የመስኖ መረቦች አንዱን ትልቁን ዘረጉ። ሲዘረጋ ሜዳው የአንድ ገዢ ነበር። ለሁለት ይከፈላል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም።

በ1947 ግዛቱ ለህንድና ለፓኪስታን ሲከፈል ድንበሩን እንዲያሰምር የተመረጠው ሰር ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ የለንደን ሕግ አዋቂ ነው። ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም፤ የተሰጠው ጊዜም አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። መስመሩ ለሕዝብ የተነገረው ኦገስት 17፣ አገሮቹ ነፃ ከወጡ በኋላ ነው። ሲታይ፣ ማድሆፑርና ፊሮዝፑር ላይ ያሉት ከወንዝ ወደ ቦይ ውኃ የሚቀለብሱ ግንባታዎች ህንድ ውስጥ ቀርተዋል፤ ከእነሱ ውኃ የሚቀበሉት ቦዮች ደግሞ ፓኪስታን ገብተዋል። አንድ ግቢ ለሁለት ወንድማማቾች ሲከፈል ቧንቧው በአንዱ፣ መዝጊያው በሌላው በኩል እንደቀረ ቁጠሩት። ወንድማማቾቹ ደግሞ በዚያው ዓመት ካሽሚር ላይ ጦር ተማዘዋል።

እስከ ማርች 31 ቀን 1948 የሚቆይ «ሁሉ ባለበት ይርጋ» የሚል ጊዜያዊ ውል ነበራቸው። ቀኑ ሲደርስ የሚያድሰው ጠፋ። በማግስቱ በህንድ በኩል የቀረው የምሥራቅ ፑንጃብ አስተዳደር ወደ ፓኪስታን የሚሄዱትን ቦዮች ዘጋ፤ ጥጥና ሩዝ የሚዘራበት ወቅት እየተቃረበ ሳለ። ውኃው እንዲለቀቅ የተስማሙት ሜይ 4 ላይ ነው፤ ፓኪስታን ገንዘብ ልትከፍል ፈቅዳ።

ያቺ አንዲት ወር የፓኪስታንን የውኃ ፖለቲካ እስከ ዛሬ ትነዳለች። ህንድ አንዲት ትንሽ ማመንጫ ስትሠራ ላሆር ውስጥ የሚቀሰቀሰው ድንጋጤ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ኤፕሪል 1948ን ስለማያስታውስ ነው። እዚያ ያለ ገበሬ አባቱ ነግሮታል።

አስታራቂው ባንክ

በ1951 ዴቪድ ሊሊየንታል የተባለ አሜሪካዊ ሁለቱን አገሮች ጎበኘ። በአሜሪካ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለውን ግዙፍ የወንዝ ልማት ድርጅት፣ ቀጥሎም የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽኑን የመራ ሰው ነው። ሲመለስ በጻፈው ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ወንዙ ፖለቲካ አያውቅም፤ ሁለቱ አገሮች ተፋሰሱን እንደ አንድ አካል በመሐንዲሶች እጅ በጋራ ያልሙት፣ የዓለም ባንክም ይርዳቸው። የባንኩ ፕሬዚዳንት ዩጂን ብላክ ሐሳቡን ወዶት ሁለቱን መንግሥታት ጋበዘ። ድርድሩ በ1952 ተጀመረ።

የሊሊየንታል ሐሳብ በጣም ቆንጆ ነበር፤ ሁለት ዓመትም አልቆየ። ባለሙያዎቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ወንዙን በጋራ ማስተዳደር ይቅርና በቁጥሮቹ እንኳ ሊስማሙ አልቻሉም። በፌብሩዋሪ 1954 ባንኩ ያን ሕልም ትቶ የፍቺ ወረቀት የሚመስል ሐሳብ ይዞ መጣ። ሦስቱ የምሥራቅ ወንዞች፣ ራቪ፣ ቢያስና ሰትለጅ፣ ለህንድ። ሦስቱ የምዕራብ ወንዞች፣ ኢንደስ፣ ጄለምና ቼናብ፣ ለፓኪስታን። ከጠቅላላው ውኃ 80 በመቶ ገደማው የምዕራቡ ነው።

ስለ ኢንደስ የሚጽፉ ብዙዎች ስምምነቱን የትብብር ምሳሌ ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ዕድሜውን ያረዘመው ትብብር አለመጠየቁ ነው። ውኃን ለሁለት መካፈል ማለት በየዓመቱ መለካት፣ በየድርቁ መከራከር፣ እርስ በርስ መተማመን ማለት ነው። ወንዞችን መከፋፈል ግን ይህን ሁሉ ይቀንሳል፦ ያ ያንተ፣ ይህ የእኔ፣ አትድረስብኝ አልደርስብህም። የማይተማመኑ ሰዎች ሊፈርሙት የሚችሉት ውል ይህ ነው።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ወደ ህንድ የሄዱት የምሥራቅ ወንዞች ያጠጡት የነበረው መሬት አብሯቸው አልሄደም፤ ፓኪስታን ውስጥ ነው። ያ መሬት እንዳይጠማ ከምዕራቡ ወንዞች ውኃ የሚያሻግሩ ረጃጅም ቦዮችና ትልልቅ ግድቦች መሠራት ነበረባቸው። ማን ይክፈል? እዚህ ላይ ቀዝቃዛው ጦርነት ገባ። ፓኪስታን ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ የጦር ቃል ኪዳኖች ውስጥ ነበረች፤ ህንድ ደግሞ ገለልተኛ ብትሆንም ምዕራባውያን ወደ ሞስኮ እንዳታዘነብል የሚሳሱላት አገር ነበረች። ስለዚህ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ምዕራብ ጀርመን ኪሳቸውን ፈቱ። ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፈንድ ተቋቋመ። ህንድም 62 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል በአሥር ዓመት ከፋፍላ ልትከፍል ተስማማች። ስምምነቱ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ገንዘቡ ባይኖር ፊርማውም ባልኖረ።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1960 ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ካራቺ ሄደው ከፕሬዚዳንት አዩብ ካን ጋር ፈረሙ፤ ባንኩም ለተወሰኑ አንቀጾች ፈራሚ ሆነ። ጄለም ላይ የማንግላ ግድብ በ1967፣ ኢንደስ ላይ የታርቤላ ግድብ በ1976 ተጠናቀቁ። ማንግላ ሲሞላ የሚርፑር አካባቢ መንደሮች ሰጠሙ፤ ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝ አቀኑ። ዛሬ ብራድፎርድና በርሚንግሃም ያለው የፓኪስታን ማኅበረሰብ ትልቁ ክፍል የትውልድ ሐረጉን ከዚያ ይመዝዛል። የውኃ ስምምነት የእንግሊዝን ከተሞች መልክ ይቀይራል ብሎ ማን ይገምታል?

በወረቀቱ ላይ ያለው

ስምምነቱ የምዕራቡን ወንዞች ለህንድ ጨርሶ አልዘጋም። ወንዞቹ ወደ ፓኪስታን ከመግባታቸው በፊት በህንድ ይዞታ ሥር ያልፋሉ፤ ቼናብና ጄለም ካሽሚርንና አጎራባቿን ነው የሚያቋርጡት። ስለዚህ ህንድ ለመጠጥ፣ ለተወሰነ መሬት መስኖና ለኤሌክትሪክ ልትጠቀምባቸው ትችላለች። ኤሌክትሪኩ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ውኃው ተርባይን አሽከርክሮ ወዲያው ወደ ወንዙ የሚመለስበት፣ ትንሽ ኩሬ ብቻ የሚያቁር ማመንጫ። በሦስቱ ወንዞች ላይ ህንድ ልታጠራቅም የሚፈቀድላት ጠቅላላ ውኃ 4.4 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። የእኛ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን ሲሞላ 74 ቢሊዮን ይይዛል። ህንድ የተፈቀደላትን ያንን እንኳ እስከ ዛሬ አላሟላችም።

አፈጻጸሙን የሚከታተል ቋሚ የኢንደስ ኮሚሽን አለ። ከየአገሩ አንድ ኮሚሽነር ይሾማል፤ ሁለቱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፣ የወንዝ ልኬት ይለዋወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ግንባታ ሄዶ ያያል። ክርክር ሲነሳ ሦስት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ኮሚሽኑ፣ ካልሆነ የቴክኒክ ነገር ከሆነ ገለልተኛ ባለሙያ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የግልግል ፍርድ ቤት።

ይህ አሰልቺ የሚመስል አሠራር ሦስት ጦርነት አለፈ። በ1965 ሁለቱ አገሮች በታንክ ሲፋለሙ ህንድ የገባችውን ክፍያ አላቋረጠችም። በ1971 ፓኪስታን ለሁለት ተገምሳ ባንግላዴሽ ስትወለድ፣ በ1999 በካርጊል ተራሮች ላይ ሲታኮሱም ኮሚሽኑ አልፈረሰም። አምባሳደሮች ሲባረሩ መሐንዲሶቹ ይጻጻፉ ነበር።

በሩ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ?

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ነው፤ ለውኃ ምሕንድስና ግድ የሌለው ሰው እንኳ ትንሽ ቢታገሥ ይገባዋል።

የሂማላያ ወንዞች ደለል ይዘው ነው የሚወርዱት። ግድብ ሲሠራባቸው ደለሉ ከኋላው ይከማችና በጥቂት ዓመት ውስጥ ኩሬውን ይሞላዋል። መድኃኒቱ ግድቡ ሥር፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በር ማበጀትና አልፎ አልፎ ከፍቶ ጭቃውን ማጠብ ነው። ለህንድ መሐንዲስ ይህ ዝቅ ያለ በር የግድቡ ዕድሜ ነው። ለፓኪስታን መሐንዲስ ግን ያው በር ሌላ ነገር ነው፦ ዝቅ ያለ በር ያለው ግድብ ውኃውን አሟጦ ሊለቅ፣ ከዚያ ዘግቶ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ሲለቅ ጎርፍ፣ ሲሞላ ድርቅ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የዚህ ጸብ ክፋቱም ይኸው ነው፤ ዋሾ የለበትም።

በእኛ ገጠር የመስኖ ውኃ የሚያደላድል የውኃ አባት አለ። ገበሬዎች እሱ ፊት የሚካሰሱት ብዙ ጊዜ ስለ ተራ ነው። ውኃው ማክሰኞ መድረስ ሲገባው ዓርብ ቢደርስ ብዛቱ ምን ይጠቅማል? ችግኙ ጠውልጓል። ፓኪስታን የምትፈራውም ይህንን ነው። በዓመት የሚደርሳት ውኃ አንድ ጠብታ ሳይጎድል፣ ስንዴ በሚዘራበት ወቅት ለሁለት ሳምንት ቢዘገይባት የአንድ ክልል ሰብል ይበላሻል።

በሳላል የተደረገውን እንይ። ቼናብ ላይ ያለው ይህ የህንድ ማመንጫ በ1970ዎቹ ሲነደፍ ፓኪስታን ተቃወመች። በ1978 በዲፕሎማሲ ተስማሙ፤ ህንድ የግድቡን ከፍታ ቀነሰች፣ ዝቅ ያሉት በሮችም ተደፈኑ። በጉርብትና ዓይን ሲታይ ቅን ውሳኔ ነበር። ኩሬው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ በደለል ተሞላ። የህንድ መሐንዲሶች «ዳግመኛ እንዲህ አንሞኝም» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

በባግሊሃር፣ እዚያው ቼናብ ላይ፣ አልሰሙም። ፓኪስታን በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ገለልተኛ ባለሙያ ይሰየም አለች፤ ሬይሞን ላፊት የተባሉ የስዊስ መሐንዲስ ተሰየሙ። በ2007 ሲወስኑ የግድቡ አናት በ1.5 ሜትር ዝቅ እንዲል ቢያዙም በዋናው ነገር፣ በበሮቹ፣ ለህንድ ፈረዱ፤ ደለልን መጥረግ ዘመናዊ ምሕንድስና የሚፈልገው ነው አሉ። ከዚያ ኪሻንጋንጋ መጣ። ህንድ የጄለምን ገባር ወንዝ በ23 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ አዙራ 330 ሜጋ ዋት ልታመነጭ ጀመረች፤ ፓኪስታን ደግሞ ከታች በዚያው ወንዝ ላይ የራሷን ኒለም-ጄለም የተባለ ማመንጫ እየሠራች ነበር። ጉዳዩ የግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2013 የወጣው ፍርድ ህንድ ማዞር ትችላለች፣ ነገር ግን በወንዙ ሁልጊዜ ቢያንስ በሰከንድ 9 ሜትር ኪዩብ ውኃ ትልቀቅ አለ። ይኸው ፍርድ ቤት ደለል ለማጠብ ብሎ ኩሬን አሟጦ ማውረድ ለወደፊት አይቻልም ሲል ወሰነ። የስዊሱ ባለሙያ ከስድስት ዓመት በፊት ይሻላል ያሉትን ማለት ነው።

ሁለት ዳኛ፣ ሁለት ፍርድ። ራትሌ በተባለው 850 ሜጋ ዋት ማመንጫ ላይ ጸብ ሲነሳ ፓኪስታን ፍርድ ቤቱን፣ ህንድ ባለሙያውን መረጠች፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያሻም። የዓለም ባንክ በ2016 መጨረሻ ነገሩን አቆየውና በ2022 ሁለቱንም አንድ ላይ ሰየማቸው። ባንኩ ጨንቆት እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ግን አንድን ክርክር ለሁለት ችሎት መስጠት ከተጣሉ ሰዎች ጋር የሚደረግ ነገር አይደለም። ህንድ ፍርድ ቤቱን አላውቀውም ብላ ሳትቀርብ ቀረች። ስምምነቱ መሰንጠቅ የጀመረው ከፓሃልጋም በፊት፣ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ መሐል ማንም የማይጠይቃቸው ካሽሚሮች አሉ። ወንዞቹ በደጃቸው ይወርዳሉ፤ የብርዱ ወቅት ሲመጣ መብራት ይጠፋባቸዋል፤ ውኃ የሚያጠራቅም ትልቅ ግድብ ልሥራ ሲሉ ስምምነቱ ይገድባቸዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረታችን ለእነሱ የተባለ ይመስላል።

«ታግዷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስምምነቱ ውስጥ «ማገድ» የሚል ቃል የለም። አንቀጽ 12 ውሉ የሚቀረው ሁለቱ መንግሥታት በሌላ በጸደቀ ስምምነት ሲያፈርሱት ብቻ ነው ይላል። አንዱ ተነሥቶ ልወጣ ሊል አይችልም። ህንድም ወጣሁ አላለችም፤ አቆየሁት አለች። ከ2023 ጀምሮ ውሉ ይሻሻል እያለች በደብዳቤ ስትወተውት ነበር፤ የሕዝብ ብዛት ተለውጧል፣ የአየር ንብረቱ ተለውጧል፣ የበረዶ ግግሩ እየቀለጠ ነው ስትል። በእነዚህ ነጥቦች ላይ ልክ ናት። በ1960 እነዚህን ያሰበ አልነበረም፤ የከርሰ ምድር ውኃም በስምምነቱ ውስጥ በአግባቡ አልተነካም። ግን ውል ይሻሻል ማለትና ሽብርን ከውኃ ጋር ማሰር ለየቅል ናቸው።

መሬት ላይ የሆነው ይህ ነው። ህንድ የልኬት መረጃ መስጠትና በኮሚሽኑ መገናኘት አቆመች። ሜይ 2025 መግቢያ ላይ ሳላልና ባግሊሃር ላይ ለረጅም ጊዜ ያላደረገችውን ደለል የማጠብ ሥራ ለፓኪስታን ሳታሳውቅ አካሄደች። ፓኪስታን ውስጥ ማራላ በተባለው መቀልበሻ ላይ የሚለካው የቼናብ ውኃ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ከዚያ በድንገት ወረደ፤ ከቀናት በኋላ ተመለሰ። ማንም አልተጠማም። ግን መሐንዲሶቹ ለዓመታት በወረቀት ላይ የተከራከሩበት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ።

በዚያው ሳምንት፣ ከሜይ 7 እስከ 10፣ ሁለቱ አገሮች በሚሳይልና በድሮን ተዋጉ። ተኩስ አቁሙን ለዓለም ያበሰሩት ዶናልድ ትራምፕ ነበሩ። መድፉ ዝም ሲል ስምምነቱ ግን እንደታገደ ቀረ። በሦስት ጦርነት ያልተደረገ ነገር ነው።

በጁን 2025 የግልግል ፍርድ ቤቱ የህንድ ውሳኔ ሥልጣኔን አይነካውም አለ፤ በኦገስት ደግሞ ማመንጫዎች እንዴት መነደፍ እንዳለባቸው ለፓኪስታን የሚያደላ ትርጓሜ ሰጠ። ህንድ ሁለቱንም አልቀበልም አለች። ፍርድ አለ፣ አስፈጻሚ የለም።

ከዚህ ወዲያ ያለው የዓመታት ነገር ነው። ህንድ የፓኪስታንን ውኃ ከቁም ነገር ለመቀነስ ትልልቅ ግድብና ተራራ የሚበሱ ዋሻዎች ያስፈልጓታል፤ መሬቱ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ነው። እስከዚያው የያዘችው መሣሪያ ጊዜና መረጃ ነው። የጎርፍ ልኬት አለመላክ ብቻውን ከታች ያለን መንደር ሌሊት ያስጥማል። ፓኪስታን በበኩሏ ከታርቤላ በኋላ ያን የሚያህል ግድብ ለአሥርት ዓመታት ሳትጨምር ቆይታ፣ ነባሮቹ በደለል እየጠበቡባት ነው። የራሷ ክልሎች፣ ሲንድና ፑንጃብ፣ በቦይ ይካሰሳሉ። የኢስላማባድ ፖለቲከኞች ለሁሉም ጥም ህንድን መውቀስ እንደሚቀናቸው መናገር ተገቢ ነው።

ከላይ ደግሞ ሌላ ጎረቤት

ኢንደስም ሰትለጅም የሚፈልቁት ህንድ ውስጥ አይደለም፤ በቻይና ሥር ባለችው ቲቤት ነው። ቻይና የስምምነቱ ተዋዋይ አይደለችም፤ የፓኪስታን የቅርብ ወዳጅና መሣሪያ አቅራቢ ግን ናት። ህንድ ለፓኪስታን የላይኛው ተፋሰስ አገር ብትሆንም፣ በሌላኛው ትልቅ ወንዝ፣ በብራህማፑትራ፣ ራሷ ከቻይና በታች ናት። በ2016 ካሽሚር ውስጥ ዑሪ ላይ ወታደሮቿ ሲገደሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ደምና ውኃ አብረው አይፈሱም ብለው ነበር። ቀናት ሳይቆዩ ቻይና አንድ የብራህማፑትራ ገባር ለግድብ ሥራ መዝጋቷ ተሰማ። ቻይና ሥራው ቀድሞ የተጀመረ ነው አለች፤ እውነትም ነበር፤ ዴልሂ ውስጥ ግን ያነበቡት ሌላ ነው። በጁላይ 2025 ደግሞ ቻይና በዚያው ወንዝ ላይ 1.2 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ የሚፈጅ፣ በዓለም ትልቁ የሚሆን የውኃ ኃይል ማመንጫ መሥራት መጀመሯን አወጀች። ህንድ ወደ ታች የምትናገረው ነገር ሁሉ ከላይ ሊመለስባት ይችላል።

ዓባይን ላነሳችሁ

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ልቡ ወደ ህንድ ወንበር ሊያደላ ይችላል፤ እኛም ከላይ ነንና። ግን ጉዳዩ አንድ አይደለም። ኢንደስ ስድስት ወንዝ ስለሆነ ሦስት ለሦስት ተከፈለ። ዓባይ አይከፈልም። የዓባይን ውኃ በቁጥር የተካፈሉት ግብፅና ሱዳን በ1959፣ የኢንደሱ ከመፈረሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ብለው ነው፤ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። ህንድ የፈረመችውን ውል ናት ያገደችው፤ ኢትዮጵያ የምትከራከረው ባልፈረመችው ውል ላይ ነው።

አንድ የሚያገናኛቸው ነገር ግን አለ። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ በሕዳሴ ግድብ ላይ ንግግር ሲካሄድ፣ ከአሜሪካ ግምጃ ቤት ጋር በታዛቢነት የተቀመጠው ያው የዓለም ባንክ ነበር። ኢትዮጵያ በመጨረሻው ስብሰባ አልተገኘችም። በካራቺ ባንኩ የተሳካለት ቦርሳ ይዞ ስለገባ ነው፤ በዋሽንግተን ቦርሳው ባዶ ነበር፣ ከጎኑ የነበረችውም አሜሪካ ለአንዱ ወገን አድልታለች የሚል ክስ ቀርቦባታል። እኔ ከኢንደስ አንድ ነገር ልበደር ብባል ክፍፍሉን ትቼ ኮሚሽኑን እወስድ ነበር፦ ፖለቲከኞች ሲኳረፉ እንኳ የጎርፍ ልኬት የሚላላኩ ሁለት መሐንዲሶች።

ማድሆፑር እንደገና

በኦገስት 2025 የክረምቱ ዝናብ በሂማላያ ተዳፋት ላይ ያለ ልክ ወረደ። ህንድ የሚመጣውን ጎርፍ ለፓኪስታን አስታወቀች፤ በኮሚሽኑ በኩል ግን አልነበረም፣ እሱ ታግዷል። መልእክቱ ኢስላማባድ ባለው ኤምባሲዋ በኩል «ለሰብዓዊነት ሲባል» ተብሎ ተላከ። ራቪ፣ ሰትለጅና ቼናብ አንድ ላይ ሞሉ። ራቪ በስምምነቱ መሠረት የህንድ ነው፤ ለዓመታት ላሆር የሚደርሰው ቀጭን ጅረት ሆኖ፣ ሰዎች የወንዙ መደብ ላይ ቤት ሠርተው ነበር። በዚያ ሳምንት ውኃው ቤታቸውን ጠርጎ ገባ። ከላይ፣ ህንድ ውስጥ፣ ማድሆፑር ላይ ያለው መቀልበሻ፣ በኤፕሪል 1948 የተዘጋው ያው ስፍራ፣ ጎርፉን መቋቋም አቅቶት ጥቂት በሮቹ ተገንጥለው ተወሰዱ።